የአየርላንድ ቫዮሊን በሸክላ ላይ

ሙዚቃ እንደ ተግባሩ ብዙ ዓይነት ነው። ለጸሎት የሚዜም አለ፤ ለለቅሶ የሚንጎራጎር አለ፤ ለሠርግ የሚዘፈን፣ ሠራተኛንም የሚያበረታታ አለ። እኔ በዘንድሮው መጽሔታችን ላስረዳ ያሰብኩት ስለ አንድ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ይኸውም በአውሮፓ ምዕራባዊ ጫፍ በምትገኘው በአየርላንድ ደሴት ቫዮሊን ተጫዋቾች የሚጫወቱት፣ ፈጣንና ንቁ፣ የሰሚውን እግር ሳያስፈቅድ የሚያንቀሳቅስ ዜማ ነው።

ይህን አርእስት እንድመርጥ ያደረገኝ በክፍል ጓደኞቼ መካከል የተነሣ ክርክር ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በሸክላ የተቀረጹት የአየርላንድ ዜማዎች ዛሬ ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጠው ስለሚገኙ፣ ጥቂቶቹን አብረን አዳመጥን። እኩሌቶቹ «እንዲህ ያለ ሕይወት ያለው ሙዚቃ ሰምተን አናውቅም» ሲሉ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ «ይህ ሩጫ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ደግሞስ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለምን?» አሉ። ሁለቱም ወገኖች በየአሳባቸው ጸንተው ተለያዩ። ጥያቄው ግን እንዲሁ የሚጣል ሆኖ ስላላገኘሁት፣ ለመመርመር ተነሣሁ።

የደረስኩበትን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር። የዚህ ሙዚቃ ኃይል ከፍጥነቱ ሳይሆን ከደጋኑ አያያዝ የመጣ ነው። ሸክላም ይህን ኃይል ወደ ዓለም ሁሉ ቢያደርስልንም፣ ያለ ዋጋ አላደረሰልንም። አንባቢው ምክንያቴን በየተራ ይመልከትልኝ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

1ኛ፤ ስለ መሣሪያው

የአየርላንድ ሰዎች መሣሪያቸውን «ፊድል» ይሉታል። ፊድልና ቫዮሊን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች የሚመስሉት ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን አንድ መሣሪያ ናቸው። ልዩነቱ በአጨዋወቱ እንጂ በእንጨቱ አይደለም። አራት አውታሮች አሉት፤ የሚጮኸውም የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን ሲገዘገዝ ነው።

ደጋንና የፈረስ ጭራ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መሰንቆአችንም የሚጮኸው በዚሁ ዘዴ ነው። ነገር ግን መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው ሲሆን፣ አውታሩም ራሱ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ልዩነት ደግሞ አለ። አዝማሪ መሰንቆውን የሚመታው ከግጥም ጋር ነው። ሰሚው ግጥም ይነግረዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል፤ መሰንቆውም ቃሉን ይከተላል። የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ ግን ቃል የለውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚናገረው ደጋኑ ብቻ ነው።

እንደሚመስለኝ ጓደኞቼ «ሁሉም አንድ ነው» ያሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጆሮአችን ግጥም ይጠብቃል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሊፈልግ ይዘጋጃል። ግጥሙ ሲቀርበት የሚይዘው ያጣል። እንግዲህ ይህን ሙዚቃ ለመረዳት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው፣ በዚያ አገር የግጥሙን ቦታ የያዘው የጨፋሪው እግር መሆኑን ነው። አዝማሪ የሰሚውን ቃል እንደሚጠብቅ፣ የአየርላንዱ ተጫዋች የጨፋሪውን እግር ይጠብቃል።

2ኛ፤ ዜማው ከየት መጣ

በአየርላንድ ገጠር በቀድሞ ዘመን ሰዎች የሚጨፍሩት በመኖሪያ ቤት ነበር። ምድጃው የሚነድበት ትልቁ ክፍል ለጊዜው ይጠረግና ወንበሩ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያ የለም፤ ከበሮም የለም። ወለሉን የሚመታው ጫማ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ቫዮሊኑ በዚያ ሁሉ የእግር ድምፅ መካከል ጎልቶ መሰማት ነበረበት። ይህም ተጫዋቹ ደጋኑን በብርቱ እንዲይዝ፣ ምቱንም ሳያወላውል እንዲያወጣ አስገደደው። የሙዚቃው ኃይል ከምቾት ሳይሆን ከችግር የተወለደ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ጭፈራው እስኪያልቅ ድረስ ዜማው ማቆም ስለሌለበት፣ አሠራሩ እንደ ክብ ነው። አብዛኛው ዜማ ሁለት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል ስምንት መስፈሪያ ይዞ ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ ጠቅላላው 32 መስፈሪያ ይሆናል። ከዚያም ተጫዋቹ ሳያርፍ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ወይም ሳያቋርጥ ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራል።

የዜማዎቹ ዓይነት በምታቸው ይለያል። «ሪል» የሚባለው በአንድ መስፈሪያ ውስጥ ስምንት ፈጣን ድምፆች ይይዛል፤ አራት አራት ሆነው በሁለት ይከፈላሉ። ይህ ዓይነት በ18ኛው መቶ ዓመት ከስኮትላንድ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚወደድ ነው። «ጂግ» የሚባለው ስድስት ድምፆች ሲይዝ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። «ሆርንፓይፕ» ሪልን ይመስላል፤ ነገር ግን ረጋ ብሎ፣ አንዱን ድምፅ አስረዝሞ ሌላውን አሳጥሮ ይራመዳል። እነዚህን ሦስቱን መለየት የቻለ ሰው «ሁሉም አንድ ነው» ከማለት ግማሽ መንገድ ተመልሷል።

የሒሳብ ትምህርት የሚወዱ ጓደኞቼ እንዲደሰቱ አንድ ስሌት ላቅርብ። አንድ ሪል በደቂቃ 112 ምት ይሄዳል እንበል። በእያንዳንዱ ምት አራት ድምፆች ስላሉ በደቂቃ 448 ድምፆች ይሆናሉ፤ ይህም በአንድ ሰከንድ ከሰባት በላይ ነው። 32ቱ መስፈሪያ 64 ምት ስለሚሆኑ፣ ዜማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚፈጀው 34 ሰከንድ ያህል ነው። ይህን ቁጥር እናስታውሰው፤ ወደ ሸክላው ስንደርስ ይጠቅመናል።

3ኛ፤ የኃይሉ ምሥጢር

ፍጥነት ብቻውን ኃይል ቢሆን ኖሮ፣ ማንኛውም ማሽን ከሰው በላይ ያስጨፍር ነበር። በሰከንድ ሰባት ድምፆች ሁሉም እኩል ሆነው ቢወጡ የሚሰማው እንደ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ሰውን ከመቀመጫው የሚያነሣው የድምፆቹ አለመተካከል ነው። ይህን የሚያደርጉ ሦስት ዘዴዎችን አገኘሁ።

አንደኛው የደጋኑ አመላለስ ነው። ደጋን ወደ ታች ሲጎተት ክብደት አለው፤ ወደ ላይ ሲገፋ ይቀልላል። ተጫዋቹ ለእያንዳንዱ ድምፅ ደጋኑን ቢመልስ አንድ ዓይነት ስሜት ይወጣል፤ ሁለት ወይም ሦስት ድምፆችን በአንድ ጉተታ ቢያያይዝ ሌላ ስሜት ይወጣል። ጥሩ ተጫዋች ሁለቱን እያቀላቀለ፣ ክብደቱ ሰሚው በማይጠብቅበት ስፍራ እንዲያርፍ ያደርጋል። እግራችን ምቱን ሲጠብቅ ደጋኑ ጥቂት ቀድሞ ይነካናል። የአየርላንድ ሙዚቀኞች ይህን ስሜት በቋንቋቸው «ማንሣት» ይሉታል፤ ጨፋሪውን ከመሬት የሚያነሣ ማለት ነው። አንድን ተጫዋች «ፈጣን ነው» ቢሉት እንደ ምስጋና ላይቈጥረው ይችላል፤ «ማንሣት አለው» ቢሉት ግን ደስ ይለዋል።

ሁለተኛው ጌጡ ነው። ከጌጦቹ ሁሉ ዋነኛው «ሮል» የሚባለው ነው። በአንድ ረጅም ድምፅ ፈንታ አምስት አጫጭር ይገባሉ፤ ይኸውም ድምፁ ራሱ፣ ከበላዩ ያለው፣ እንደ ገና ራሱ፣ ከበታቹ ያለው፣ በመጨረሻም ራሱ ነው። የበላዩና የበታቹ እጅግ አጭር ስለሆኑ ጆሮ እንደ ዜማ አይሰማቸውም፤ እንደ ጣት ማንኳኳት ይሰማቸዋል። ስለዚህ ሮል ለዜማው ጌጥ ብቻ ሳይሆን የከበሮንም ሥራ ይሠራል። ከበሮ የሌለው ቤት ለምን ከበሮ እንዳልናፈቀው ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው በመድገም ውስጥ ያለ ለውጥ ነው። ዜማው ሲመለስ ያው ይመስላል፤ ልብ ብሎ ለሚሰማ ግን ያው አይደለም። በመጀመሪያው ዙር ረጅም የነበረው ድምፅ በሁለተኛው በሮል ይተካል፤ በሦስተኛው ሁለት አውታሮች አብረው ይጮኻሉ። የቡና ጀበና ሦስት ጊዜ ተጥዶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደሚሆን ሁሉ፣ ቡናው አንድ ሲሆን ጣዕሙ ልዩ ልዩ ነው። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ላሉት ጓደኞቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

4ኛ፤ ወደ ሸክላ እንዴት ገባ

ይህ የገጠር ቤት ሙዚቃ በዓለም የታወቀው ከአየርላንድ ሳይሆን ከአሜሪካ ተነሥቶ ነው። ምክንያቱም የሚያሳዝን ነው። ከ1845 እስከ 1852 በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኃብ ሆነ፤ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ አለቀ፤ ከዚያ የማያንስም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ስደቱ ረኃቡ ካለፈም በኋላ ለብዙ ዘመን አላቋረጠም። ኒው ዮርክ፣ ቦስተንና ቺካጎ የአየርላንድ ሰዎች በብዛት የሚኖሩባቸው ከተሞች ሆኑ። ስደተኛው ዕቃውን ቢተውም ዜማውን አልተወም።

ዜማዎቹን ለማዳን አስቀድሞ የተነሣው ሰው ፍራንሲስ ኦኒል ነው። በኮርክ አውራጃ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የሄደ ሲሆን፣ ከ1901 እስከ 1905 የቺካጎ ከተማ ፖሊስ አዛዥ ነበረ። የአገሩን ሙዚቀኞች እያፈላለገ ዜማቸውን በኖታ ያስጽፍ ነበር። በ1907 ያሳተመው መጽሐፍ 1001 የጭፈራ ዜማዎች የያዘ ሲሆን፣ ሙዚቀኞች እስከ ዛሬ ይገለገሉበታል። ይሁን እንጂ ኖታ የደጋኑን ክብደትና «ማንሣቱን» መጻፍ አይችልም። መጽሐፉ አጥንቱን ሰጠ፤ ሥጋውንና እስትንፋሱን የሰጠው ሸክላ ነው።

በ1916 በኒው ዮርክ የሙዚቃ መደብር የነበራት ኤለን ኦበርን የምትባል ሴት ወደ ኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ቀረበች። ደንበኞቿ የአገራቸውን የጭፈራ ሙዚቃ በሸክላ ይፈልጉ ነበር፤ ሸክላው ግን አልነበረም። ኩባንያው ቢቀርጽ 500 ሸክላ ራሷ እንደምትገዛ ቃል ገባች። ኩባንያውም ተስማማ፤ በአኮርዲዮንና በባንጆ የተጫወቱ ሁለት ሰዎች ተቀረጹ። ሸክላው ተሸጠ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ገበያ መኖሩን አዩ። አንዲት ባለ ሱቅ የገባችው ቃል ለአንድ ሕዝብ ሙዚቃ በር ከፈተ ማለት ነው።

በዚህ በር ከገቡት ሁሉ የሚበልጠው ማይክል ኮልማን ነው። በ1891 በአየርላንድ ምዕራብ በስላይጎ አውራጃ ተወለደ። አባቱ ዋሽንት ተጫዋች ነበሩ፤ አካባቢውም በቫዮሊን ተጫዋቾች የታወቀ ነበር። በ1914 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በቴያትር ቤቶች እየተዘዋወረ ተጫወተ። ከ1921 እስከ 1936 ባለው ጊዜ 80 የሚያህሉ የሸክላ ገጾች ቀረጸ። በ1945 በኒው ዮርክ ሞተ። ከእርሱ ጋር የሚጠሩት ጄምስ ሞሪሰንና ፓዲ ኪሎራንም የዚያው የስላይጎ አውራጃ ልጆች ነበሩ። ሞሪሰን ለብዙ ሰዎች ያስተምር ስለነበር «ፕሮፌሰር» ይሉት ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ሸክላ በመርከብ ወደ አየርላንድ ተመለሰ። ስደተኛው ለእናቱና ለአባቱ ከሚልከው ነገር አንዱ ግራሞፎንና ሸክላ ሆነ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሰማ። የመንደር ልጅ ሆኖ ተሰድዶ የሄደ ሰው፣ በውቅያኖስ ማዶ ያለውን የአገሩን ሕዝብ መልሶ አስተማረ።

5ኛ፤ ሦስት ደቂቃ ያደረገው

ሸክላ ሙዚቃውን እንዳለ ብቻ አልተሸከመውም፤ ቅርጽም ሰጠው። በዚያ ዘመን ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል፤ በአንድ ገጹም የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ቅድም ያልነውን ስሌት እናስታውስ። አንድ ሪል በ34 ሰከንድ የሚያልቅ ከሆነ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ዙር ብቻ ይገባል። በመንደር ግን ጨፋሪዎቹ እስኪደክሙ ድረስ ዜማው ሲዞር ይቈይ ነበር።

ስለዚህ ተጫዋቹ ያለውን ሁሉ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማውጣት ነበረበት። ማሟሟቂያ የለም፤ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ በሙሉ ኃይል ይነሣል። ሁለት ወይም ሦስት ዜማዎች ይያያዛሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ያህል ተዞሮበት ይለወጣል። ዜማው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሻገርባት ቅጽበት ሰሚው ልቡ ይዘላል። እኛ ዛሬ ስንሰማው የሚያስደንቀን ያ ጥድፊያ በከፊል የሰውየው ጠባይ፣ በከፊል ደግሞ የሸክላው ጥበት ነው። ጠባብ በር ውኃን እንደሚያስገነፍል፣ ጠባብ ጊዜም ሙዚቃን ያስገነፍላል።

አቀራረጹም ቀላል አልነበረም። እስከ 1925 ድረስ ማይክሮፎን ለሸክላ ሥራ አልዋለም ነበር። ተጫዋቹ በአንድ ትልቅ ቀንድ መሳይ ነገር አጠገብ ቆሞ በቀጥታ ወደ ውስጡ ይጫወታል፤ የድምፁ ኃይል ራሱ መርፌውን እያንቀሳቀሰ ይቀርጻል። ስሕተት ቢሠራ እንደ ዛሬው ቈርጦ መቀጠል የለም። አጃቢ ፒያኖ መቺዎችም ብዙ ጊዜ ዜማውን ስለማያውቁት ያልተስማማ ድምፅ ሲመቱ ይሰማል። በዚህ ሁሉ መካከል የኮልማን ደጋን ሳይናወጥ ሲያልፍ መስማት ያስገርማል። የሸክላው መንሿሿት በመጀመሪያ ያስቸግራል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ጆሮ ይለምደውና ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚሰሙት ይመስላል።

6ኛ፤ ሸክላ የወሰደው

እስከዚህ የተናገርኩት ስለ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱን ደግሞ መደበቅ አይገባም።

ከኮልማን በፊት በአየርላንድ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ አጨዋወት ነበረው። በሰሜን ምዕራብ በዶኒጎል አውራጃ ተጫዋቾች ለእያንዳንዱ ድምፅ ደጋኑን ይመልሳሉ፤ ድምፁ ስለታም ነው፤ የጎረቤቷ የስኮትላንድ ጠባይም ይታይበታል። በክሌር አውራጃ ዜማው ረጋ ያለና ትካዜ ያለበት ነው። በደቡብ በኮርክና በኬሪ አዋሳኝ በስሊቭ ሉክራ አገር ደግሞ ፖልካ የሚባለው ዝላይ ያለው ጭፈራ ይበዛል። የስላይጎ አጨዋወት ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነበር።

ሸክላው ሲመጣ ግን የስላይጎ አጨዋወት የአየርላንድ ሁሉ መሰለ። ወጣቶች መርፌውን እየመለሱ ኮልማንን ቃል በቃል መቅዳት ጀመሩ። የአገራቸውን ሽማግሌ ትተው የሸክላውን ሰው መምህር አደረጉ። ለዚህ ግልጽ ምስክር የሚሆን አንድ ነገር አለ። ኮልማን በ1934 «ታርቦልተን»፣ «ሎንግፎርድ ኮሌክተር» እና «ሴይለርስ ቦኔት» የሚባሉ ሦስት ሪሎችን አያይዞ ቀረጸ። ዛሬም ሙዚቀኞች በተሰበሰቡበት አንዱ የመጀመሪያውን ቢጀምር ሁለቱ በዚያው ተራ ይከተላሉ። አንድ ሰው አንድ ቀን ያደረገው ምርጫ ለሕዝብ ሥርዓት ሆነ። ይህ ታላቅነቱን ያሳያል፤ የሸክላንም አስፈሪነት ያሳያል።

ከዚህ በተቃራኒ የፓድሪግ ኦኪፍን ታሪክ እንመልከት። እርሱ ከ1887 እስከ 1963 በስሊቭ ሉክራ የኖረ ሰው ነው። የመንደር ትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ ከዚያ ሥራ ከተለየ በኋላ ግን በእግሩ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ቫዮሊን አስተማረ። ተማሪዎቹ የገበሬ ልጆች ስለነበሩ ኖታ አያውቁም። እርሱም ራሱ አንድ ቀላል ጽሕፈት ፈለሰፈላቸው። የመስመሮቹ አራት ክፍት ቦታዎች የቫዮሊኑ አራት አውታሮች ሆኑ፤ በየቦታው የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ የትኛው ጣት እንደሚያርፍ ያመለክታል። ከተማሪዎቹ መካከል ዴኒስ መርፊና እኅቱ ጁሊያ ክሊፎርድ የመምህራቸውን አጨዋወት በ1969 በሸክላ አውጥተዋል። ሁለት ቫዮሊኖች፣ አንዱ በላይ አንዱ በታች ሆነው ሲሄዱ ይሰማል። ኮልማንን ብቻ ለለመደ ጆሮ ሌላ አገር ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የአካባቢውን ልዩነት ያደበዘዘው ሸክላ፣ በኋላ ልዩነቱን ያዳነውም እርሱ ሆነ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ጀምሮ የአየርላንድ ራዲዮ ሠራተኞች መቅረጫ መሣሪያ በመኪና ጭነው በየገጠሩ እየዞሩ ሽማግሌዎችን ቀረጹ። ጥፋቱ በመሣሪያው ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ ተቀርጾ ሌላው ሲቀር ነው።

7ኛ፤ ከዚያ ወዲህ

ረጅም ሸክላ በ1948 ከወጣ በኋላ የሦስት ደቂቃው ጥበት ቀረ። በ1975 «ቦቲ ባንድ» የሚባለው ጓድ የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣ። በቫዮሊን የተጫወተው ከዶኒጎል የመጣው ቶሚ ፒፕልስ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ከስላይጎ ወላጆች በለንደን የተወለደው ኬቪን በርክ ተተካ። ጊታርና ቡዙኪ ስለታጀቡት፣ ቀድሞ በአንድ ደጋን ላይ የነበረው ኃይል በጓድ ተባዛ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሙዚቃ ለሚሰማ ወጣት ከእነርሱ ቢጀምር ይቀልለዋል ብዬ አስባለሁ።

ማርቲን ሄይስ የሚባለው የክሌር አውራጃ ተጫዋች ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። ከጊታር ተጫዋቹ ከዴኒስ ካሂል ጋር በ1999 ባወጣው ሸክላ፣ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው አንድ ተያያዥ ጨዋታ አለ። እጅግ በዝግታ ይጀምራል፤ ዜማ በዜማ ላይ እየተጨመረ ቀስ በቀስ ይግላል፤ በመጨረሻም አዳራሹን ሁሉ ያናውጣል። ፍጥነት ኃይል አለመሆኑን ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም። ኃይሉ ዝግ ባለበትም ጊዜ በደጋኑ ውስጥ ነበረ።

8ኛ፤ እንዴት እናዳምጥ

ጓደኞቼ እንዲሞክሩት አንድ ልምምድ አቀርባለሁ። ከኮልማን ሪሎች አንዱን ሦስት ጊዜ ስሙ። በመጀመሪያው ጊዜ ዜማውን ትታችሁ በእግራችሁ ምቱን ብቻ ምቱ፤ በእያንዳንዱ ምት አራት ድምፆች እንዳሉ ቁጠሩ። በሁለተኛው ጊዜ ክፍሎቹን ለዩ፤ ስምንት መስፈሪያ አልቆ ሲደገም፣ ሁለተኛው ክፍል ሲገባ፣ ዜማው ሲለወጥ እጃችሁን አንሡ። በሦስተኛው ጊዜ ደጋኑን ብቻ ተከተሉ፤ የት እንደሚከብድ፣ የት እንደሚቀልል፣ በድጋሚው ምን እንደተለወጠ አስተውሉ። ከዚያ በኋላ አንድ የዶኒጎልና አንድ የስሊቭ ሉክራ ተጫዋች ጨምራችሁ አወዳድሩ። እኔ ይህን ካደረግሁ በኋላ ዜማዎቹ እንደ ሰው ፊት ተለያይተው ታይተውኛል።

መደምደሚያ

ይህ ጥናት ስለ ሩቅ ደሴት ቢሆንም፣ የሚያስተምረን ነገር ቅርብ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ እንዳስቀረጹ ይታወቃል። የእኛም የሸክላ ታሪክ እንደ አየርላንዱ ከአገር ውጭ የተጀመረ ነው። ዛሬ ደግሞ መቅረጫው በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ አለ። በየክፍለ ሀገሩ፣ በጎንደርም ሆነ በወሎ፣ በጎጃምም ሆነ በሸዋ፣ መሰንቆ መቺው ደጋኑን የሚይዝበት መንገድ አንድ አይደለም። ነገር ግን ሁላችንም አንዱን የታወቀ ቅጂ ብቻ እየሰማን ያንኑ የምንቀዳ ከሆነ፣ ሌላው መንገድ ሰሚ አጥቶ ይቀራል።

ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ለመጪው ክረምት አንድ ሥራ እንድንይዝ አሳስባለሁ። እያንዳንዳችን ወደየዘመዶቻችን ስንሄድ፣ በአካባቢው ያሉትን መሰንቆ መቺዎች በፈቃዳቸው እንቅረጽ። አንዱን ዘፈን ከአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ሰዎች እንቀበል። ከማን እንደተማሩትና በምን ጊዜ እንደሚጫወቱት ጠይቀን ከቅጂው ጋር በጽሑፍ እናስቀምጥ። ወላጆቻችንም ማን የት እንዳለ ቢጠቁሙን ታላቅ እርዳታ ነው። ኤለን ኦበርን 500 ሸክላ ለመግዛት ቃል ገብታ ነበር፤ ከእኛ የሚጠየቀው ግን ጥቂት ትዕግሥትና አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።